ዘፈኑ ሥር የቀረው ምርቃት

የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ላይ አያቴ አለች። ነጭ ሻሿን አስራለች። ሁለት እጇን ዘርግታ ሙሽሮቹን ትመርቃለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከበው የቆሙት ሰዎች በየመሀሉ አንድ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ «አሚን» እያሉ ነው። የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ቪዲዮውን ያቀናበረው ልጅ ከመግቢያው እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ዘፈን ደርቦበታል።

ሠርጉ በ1998 ዓ.ም. ነበር። እማማ (አያታችንን እንደዚያ ነበር የምንጠራት) ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። ሐዘኑ ጋብ ሲል እናቴ «እስቲ ድምጿን ልስማው» ብላ ቪዲዮውን አስከፈተችኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ ድምጿ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አንዱ ዘፈን አለቀ፤ ሌላው ቀጠለ። በማግስቱ ዋናው ካሴት ካለ ብዬ ቪዲዮውን ወዳነሱት ሰዎች ሄድኩ። ካሴቱ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀድቶበታል።

ወሎ ያደገ ሰው ምርቃት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። «ይባርካችሁ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የእማማ ምርቃት ከሙሽሮቹ ይጀምርና ወደ ከብቱ፣ ወደ ጎረቤቱ፣ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ላለው መንገደኛ ሁሉ ይደርሳል። ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም። «ውለዱ ክበዱ» ስትል «ክበዱ» ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታሳርፈው እንደነበርም አውቃለሁ። እንዴት እንደምታሳርፈው ግን ለልጄ ላሰማት አልችልም። በአፌ ሞክሬዋለሁ፤ የእሷ አይሆንም።

ይህ ነገር ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሥራ የለወጠው ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙ ሰው ከተማዋን ለቆ ወጣ። እኛም ወጣን። ተመልሰን ስንገባ ታኅሣሥ ነበር። መብራቱም ውሃውም ገና በቅጡ አልተስተካከለም። አንድ ጠዋት ፒያሳ በኩል ሳልፍ አንድ ሊስትሮ ልጅ ብሩሹን በሣጥኑ ጎን ሁለቴ መታ። ጧ ጧ። «እግርህን ቀይር» ማለቱ ነው። ባለጫማው እግሩን ቀየረ። ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት አጠገቡ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ። መቅጃ ለመግዛት የወሰንኩት ያን ጠዋት ነው።

የጀመርኩት ግን በስልክ ነው፤ ማንም ሰው በስልኩ ቢጀምር እመክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ የሚል ይህን ይወቅ። ስልክ የተሠራው የሰው ንግግር ለይቶ እንዲያወጣ ነው። ቀስ ያለውን ድምጽ በራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ የበረታውን በራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ከጀርባ ያለውን ደግሞ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል። እኔ የምፈልገው ያንን የሚጠርገውን ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በስልክ ስቀዳ ዝናቡ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ስልኩ ሊያጠፋው እየታገለ ነው። አንዳንድ የመቅጃ አፕ ይህን እንድታጠፉ ይፈቅድላችኋል። ካላችሁ አጥፉት። የፋይሉን ዓይነትም ድምጹን ከሚቀንሰው ኤምፒ3 ሳይቀንስ ወደሚያስቀምጠው ዌቭ ቀይሩት።

ከወራት በኋላ ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ጎረቤታችን ያመጣቻትን ያገለገለች ዙም ኤች1ኤን ገዛኋት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣች ትንሽ መቅጃ ናት። መዳፍ ላይ ታርፋለች። አናቷ ላይ እንደ መስቀል የተጣመዱ ሁለት ማይኮች አሏት፤ አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን ይሰማል። የምትሠራው በሁለት ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ያ ድንጋይ ከደሴ እስከ ወልድያ በየሱቁ አለ። ለእኔ ይህ ከሁሉም በላይ ነው። ቻርጅ የምትፈልግ ብትሆን ኖሮ መብራት የሌለበት ገጠር ውስጥ ስንት ቀን ባዶ እጄን እመለስ ነበር።

የድምጽ መጠኑን መወሰን መጀመሪያ ያስቸግራል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ በዲጂታል መቅጃ ላይ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው። ከዚያ ያለፈው ድምጽ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ኮምፒውተርም አይመልሰውም። ስለዚህ ከፍተኛው ድምጽ ከዜሮ በታች 12 ላይ እንዲያርፍ አድርጌ እተወዋለሁ። እልልታ ያለበት ቤት ከሆነ ከዚያም ዝቅ አደርገዋለሁ። እልልታ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። አሁን አሁን የሚወጡት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣችው የዚህችው ዙም ታናሽ፣ «32 ቢት ፍሎት» በሚባለው፣ ቀስ ያለውንም የበረታውንም ድምጽ አናቱን ሳይቆርጥ በሚይዝ መንገድ ስለሚቀዱ ይህን ጭንቀት ያቀልላሉ፤ አዲስ የሚገዛ ሰው እሷን ቢያይ አይቆጨውም።

የደሴ ችግር ግን ነፋስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ሥር ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሪከርደሩ የሚሰማው ዱብ ዱብ ብቻ ነው። ያ ድምጽ ውጪ የለም። ነፋሱ የማይኩን ስስ ሽፋን በቀጥታ ሲገፋው የሚወጣ ነው። ማይክ ላይ የሚጠለቀው ስፖንጅ ለትንፋሽ እንጂ ለደሴ ነፋስ አይበቃም። ጠጉራም ሽፋን ያስፈልጋል።

የበግ ቆዳ ምን አነሰኝ ብዬ ለምድ ቆርጬ ሸፈንኩት። ነፋሱ ጠፋ፤ ድምጹም አብሮ ጠፋ። ሁሉም ነገር በር ተዘግቶበት ከውስጥ የሚሰማ መሰለ። ለካ ጠጉሩ አይደለም ችግሩ፤ ቆዳው ነው። ቆዳ አየር አያሳልፍም፤ አየር ካላለፈ ድምጽም በደንብ አያልፍም። ቀጥሎ ከልባሽ ተራ የልጅ ጃኬት ገዛሁ፤ ኮፍያው ጠርዝ ላይ ሰው ሠራሽ ጠጉር ነበረበት። ገልብጬ አየሁት፤ የጠጉሩ ጀርባ ሳሳ ያለ ሽምን ነው። ወደ ብርሃን ሳነሳው ያሳያል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ እንደ ትንሽ ኮፍያ አድርጎ ሰፋልኝ። «ለሕፃን ነው?» አለኝ። «ለጆሮ ነው» አልኩት። እስከ ዛሬ የምጠቀመው ያንን ነው።

ሌላው የተማርኩት፣ መቅጃን በእጅ አለመያዝ ነው። ጣት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኮሽታው ይገባል። የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ ከጋቢ የተሻለ ማስቀመጫ አላገኘሁም። እና ቅረቡ። ርካሽ መቅጃ ከውስጡ የራሱ የሆነ «ሽሽሽ» አለው፤ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ይጋለጣል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ የምትፈልጉት ድምጽ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ ያ «ሽሽሽ» ግን ባለበት ይቀራል። በገንዘብ ያልገዛችሁትን ጥራት በሁለት እርምጃ ታገኙታላችሁ።

ይህን ቅረቡ የሚለውን ነገር በደንብ ያስተማረችኝ ባቲ ናት። አራቱን ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሁሉ የባቲን ስም ያውቃል። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ወሎን በዜማዋ እናውቃታለን፤ ዜማዋም ይገባታል። ግን የባቲን ሰኞ ሰምቶ የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። ሰኞ ሰኞ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ይገናኙባታል፤ ከግመል እስከ ማሰሮ የሌለ ነገር የለም።

መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ ገበያውን በሙሉ ልቅዳ አልኩ። ቤት ገብቼ ስሰማው ወንዝ ነው። ሁሉም ሰው አለበት፤ ማንም የለበትም። በሚቀጥለው ሰኞ እህል ተራ ገብቼ ከአንዲት ሸምገል ያሉ ማሽላ ሻጭ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «እናቴ፣ የገበያውን ድምጽ ልቀዳ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው። መቅጃዋን አዩዋት። «ልጄ፣ ሥራ ፈትተሽ ከምትቀመጪ የጆንያውን አፍ ያዥልኝ» አሉኝ። መቅጃዋን ጉልበቴ ላይ ባለው ነጠላ ጠቅልዬ ጆንያውን ያዝኩ።

ከቀዳኋቸው ሁሉ የምወደው ያ ነው። እህል ሲሰፈር የየራሱ ድምጽ አለው። ማሽላ ሲወርድ ኮለል ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ፍሬዎች አንድ አንድ እያሉ ቆርቆሮውን ይነኩታል። አጠገባችን ያለው ሰው ሽንብራ ሲሰፍር ጠጠር ነው። ጤፍ ድምጽ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሐር ጨርቅ ሲጎተት እንደሚሰማው ነው። ሴትዮዋ ጀርባቸውን ሰጥተው «እሱ ጎዶሎ ሰፈረብሽ» ብለው አንዷን ገዢ ሲያስጠነቅቁ ቅጂው ላይ ይሰማል። አላዩም፤ ሰምተው ነው። ወዲያው ለሌላ ሰው በኦሮምኛ ዋጋ ይነግራሉ፤ ከኋላ ግመል ያጉረመርማል። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም።

ማስፈቀድን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። አገራችን ባለፈችበት ጊዜ ምክንያት ሰው የማያውቀውን ዕቃ ይፈራል፤ ልክ ነው። እኔ መቅጃዋን ደብቄ ቀድቼ አላውቅም። አስቀድሜ አሳያለሁ፣ ኢርፎኑን ሰጥቼ አሰማለሁ። ሰው የራሱን መንደር በኢርፎን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። «ይሄ የእኛ በር ነው!» ይላሉ። አጥፊው ያለኝን እዚያው ፊቱ አጠፋለሁ። ኬላና ወታደር ባለበት አካባቢ ደግሞ ከቦርሳዬ አላወጣትም።

ለዚህ ሥራ ፈር የቀደዱትን ሳነብ አንድ ያስደነቀኝ ሰው አለ። ሐሊም ኤል-ዳብ ይባላል፤ ግብፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው የሽቦ መቅጃ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም የቀዳውን ድምጽ በማሚቶና በሌላ መንገድ እየለወጠ ሙዚቃ አደረገው። ዛር ማለት ደግሞ እኛም የምናውቀው ዛር ነው። ይኸው ሰው በኋላ ወደ አገራችን መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበ ቡድን ነው። ካይሮ ላይ ዛሩን የቀዳው ሽቦ ላይ ነበር፤ ማሽኑም እንዲህ በቀላሉ የሚሸከሙት አልነበረም። የእኔዋ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ትቋጠራለች።

ካናዳዊው መሬይ ሼፈር ደግሞ ስለ አካባቢ ድምጽ ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ቦታ ሁልጊዜ ከሥር የሚሰማ፣ ነዋሪው ከመልመዱ የተነሳ የማይሰማው ድምጽ አለው ይላል፤ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ማዕበሉ ማለት ነው። የደሴን ፈልጌ ብዙ ለፋሁ። ነፋሱ መሰለኝ። ክረምት ላይ ጉሙ መሰለኝ፤ ጉም ሲወርድ ከተማው ሁሉ ጥጥ ውስጥ የገባ ይመስላል። አሁን ግን የሐረጎ ቁልቁለት ነው እላለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መስኮት ከፍቼ ሳዳምጥ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች በዝቅተኛ ማርሽ ሲያጓሩ ይሰማል፤ እንደ ትልቅ እንስሳ ትንፋሽ። አዲስ አበባ የተማርኩ ጊዜ እንቅልፍ ያጣሁት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ገንዘብ የሌለው ሰው ሊሞክረው የሚችል ሌላ መንገድ አለ። የተሰበረ የልጆች መጫወቻ ወይም «ጢጥ» የሚል የማንቂያ ሰዓት ውስጥ እንደ ሳንቲም ስስ የሆነች ክብ ናስ አለች። ፒየዞ ይሏታል። ድምጽ ለማውጣት የተሠራች ናት፤ ግን ተገላቢጦሽም ትሠራለች፤ ንዝረት ሲነካት ኤሌክትሪክ ታወጣለች። ሬዲዮ ጠጋኝ በሁለት ሽቦ ከመቅጃው መሰኪያ ጋር ያያይዝላችኋል። አየሩን አትሰማም፤ የተለጠፈችበትን ዕቃ ብቻ ነው የምትሰማው። እኔ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፍኳት። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ከበሮ ናቸው። ወፍራሙ ድምጽ ሳሳ ይላል፤ ቢሆንም ቁራ ጣሪያው ላይ ሲራመድ ጥፍሩን አንድ በአንድ ትሰማላችሁ።

ስለ ማስቀመጥ አጭር ልበል። በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት ጥራት፣ በሁለት ጆሮ የተቀዳ አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ከ30 ሰዓት በላይ ይይዛል። በሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይሁን። ከመቅዳታችሁ በፊት ቀኑንና ቦታውን በአፋችሁ ተናገሩ። የፋይል ስም ይጠፋል፤ ድምጻችሁ ግን ከድምጹ ጋር ይኖራል።

አሁን ወደ ሐይቅ ልውሰዳችሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አክስቴ እዚያ ናት፤ የእማማ ሙቀጫም እሷ ጋ ነው። የእንጨት ነው። አፉ በስንት ዓመት እጅ ልጎ ያብረቀርቃል። ከአፉ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አለው፤ እማማ በሕይወት እያለች በሽቦ አሥራዋለች። ዘነዘናው ብረት ነው።

«እትዬ፣ ቡና ስትወቅጪ ልቀዳሽ» አልኳት። ደስ አላት። ገብታ ልብሷን ቀይራ መጣች። ከዚያ ወቀጠችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣ እንደ ከበሮ እኩል እኩል። ድምጹ ጣሪያውን ነክቶ መቅጃዋ ቀይ መብራት አበራች። ጥሩ ነበር፤ ግን የእሷ አወቃቀጥ አይደለም። ምንም አላልኩም። መጠኑን ዝቅ አደረግኩ፣ መቅጃዋን በርጩማ ላይ ጋቢ አንጥፌ አስቀመጥኳት፣ ከዚያ ተውኳት። ጀበና አጠብኩ። ስለ ልጆቹ ተጫወትን።

ሁለተኛው ዙር ሲቆላ መቅጃዋን ረስታታለች። ፍሬው መጀመሪያ ብረት ምጣዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ጠጠር ነው። ቀስ እያለ ይቀልላል፤ ከዚያ ጣ፣ ጣ ጣ ማለት ይጀምራል። ጭሱን ልታሸትተን ይዛው ስትዞር ድምጹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ ሙቀጫው መጣ። ሁለት ፈጠን ያሉ ምቶች፣ አንድ ሰነፍ። ሁለት፣ አንድ። በሦስተኛው ምት ላይ ከሥር ቀጭን «ዝርር» አለ። ሦስት አራት ጊዜ እንደሄደች ከአጥሩ ማዶ «መጣሁ፣ መጣሁ!» የሚል ድምጽ ገባ። ማንም አልጠራትም። ሙቀጫው ነው የጠራት። አክስቴም ውቀጣውን ሳታቆም «ነይ እንጂ፣ አቦሉ ሊያልፍሽ ነው!» አለች።

በረካው ሲጠጣ ከጎረቤቶቹ መሀል ትልቋ እጃቸውን ዘረጉ። መረቁ። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ በሰው አገር ያሉትን፣ ዝናቡን። «አሚን» አልን። «አሚን» ሲባል ሲኒ ኮሽ ይላል፤ አንድ ሕፃን ያስላል። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው ቅጂው። ምንም ዘፈን የለበትም።

ደሴ ስመለስ ለእናቴ ኢርፎኑን አደረግኩላት። ምርቃቱ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች ብዬ ስለፈራሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። መቁላቱ አለፈ። ውቀጣው ተጀመረ። ዓይኗን ገለጠችና አንዱን ኢርፎን አወጣች።

«የእማማ ሙቀጫ ናት» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስንጥቁ ሰፍቷል። ‹ዝርር› የሚለው ይሰማሻል? ያኔ እንዲህ አይልም ነበር። ሽቦው ላልቷል ማለት ነው። አሁኑኑ ደውዪና አጥብቃ ትሠረው በያት፤ ለሁለት ይከፈልባታል።»

ኢርፎኑን መልሳ አደረገችው። እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።